ያልተቆጠረው ቤት

ነገሌ ቦረና፣ የካቲት 12 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሙሉነህ በላቸው፤

በሰው አገር በረዶ መካከል እንደምን ሰንብተሃል? ሕፃን ሆነህ አባትህ ሲሞት በእጄ ያስረከበኝ አምላክ አሁንም አንተን ከእጁ አያውጣ። እኔ ስሙ ይመስገን ደኅና ነኝ። ከአንተ ዕቃም ሆነ ስጦታ አልሻም። የምሻው የከብት ሕክምናህን ጨርሰህ፣ ሃይማኖትህንና ግብረ ገብነትህን ይዘህ መመለስህን ብቻ ነው።

ይህን የምጽፍልህ ከባዕድ አፍ ሰምተህ እንዳትደነግጥ ነው። የልጄ የሲራክ ትዳር ፈርሷል። አንተ ሚዜ ሆነህ ያመጣሃት አበባየሁ ከቤታችን ወጥታለች።

ኅዳር 21 ቀን ሴት ልጅ ተገላገለች። ሕፃኗን ተቀብዬ አቀፍኋት። ፀጉሯ እንደ ተነደፈ ጥጥ፣ ቆዳዋ እንደ ወተት፣ ቅንድቧና ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ነጭ ነው። ሲራክ ምን ያህል ጥቁር እንደ ሆነ ታውቃለህ፤ እርሷም ጠይም ናት። ሴትዮዋ በሐኪም ቤት ካርድ ክፍል ትሠራ እንደ ነበር፣ በዚያም ከባሕር ማዶ የመጡ ሐኪሞች እንደ ነበሩ አትዘነጋም። ከዚህ የበለጠ መናገር ለአፌ ነውር ነው።

ሽማግሌ ተቀመጠ። እርሷ ቆማ «የኔታ፣ በታቦቱ ፊት ልማል» አለች። ሴት ልጅ የወለደች እናት ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ ቤተ ክርስቲያን እንደማትገባ ነገርኋት። «እንግዲያስ ሰማንያ ቀኔን ጠብቁኝ» አለች። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ተመለከቱ። ሥርዓት ለሰው ምቾት ተብሎ አይጠብቅምና እኔ አልጠበቅሁም።

ከብት ነጋዴው ጂሎ ለሰላምታ ገብቶ ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጦ ነበር። ሳይጠየቅ እንዲህ አለ፦ «የኔታ፣ በእኛ ዘንድ ጥቁር ላም ሌላ መልክ ያለው ጥጃ ብትወልድ ‹አያቱን መሰለ› ብለን እናልባታለን እንጂ ከበረት አናስወጣትም።»

«ሰው ከብት አይደለም» አልሁት።

«እውነት ነው» አለኝ፤ «ከብት አይዋሽም።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሲራክ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ «አባቴ ያለው ይሁን» ብሎ ወጣ። ትናንት የሕፃኗ ሰማንያ ቀን ሞልቷል፤ የት እንደምትጠመቅ የሚነግረኝ አላገኘሁም፤ አልጠየቅሁምም።

አንተ ግን አንገትህን ቀና አድርገህ ተማር። የአያትህ የባሻ ደርሰህ ስም በዚህ ከተማ ያለ ነውር የኖረ ስም ነውና።

አጎትህ
መሪጌታ ወልደሚካኤል ደርሰህ


ፕሎቭዲቭ፣ ቡልጋሪያ፣ ግንቦት 3 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለየኔታ፤

ፊደል ያስቆጠሩኝን እጅ ከሩቅ እስማለሁ። ጤናዎን ይስጥልኝ፤ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

ደብዳቤዎ በሁለተኛው ወር ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ከዚህ በታች የምጽፈውን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ሚዜ ለሙሽራዪቱ ወንድም ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ወንድም ሆኜ ዝም ብል ትምህርትዎን ከንቱ አደርጋለሁ።

ባለፈው መስከረም በትምህርት ቤታችን በረት አንድ ጥቁር ኮርማ ካጠቃት ጥቁር ላም ቀይ ጥጃ ተወለደ። በረት ጠባቂው ሽማግሌ «የጎረቤት ኮርማ አጥር ዘሎ ገብቷል» ብሎ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። መምህራችን ግን የከብቶቹን የትውልድ መዝገብ አስመጡ። የኮርማው እናት ቀይ ነበረች። የላሟም አባት ቀይ ነበረ። አጥር የዘለለ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ የኔታ። ማንኛውም ፍጥረት ለመልኩ ሁለት ድርሻ ይቀበላል፤ አንዱን ከአባቱ፣ አንዱን ከእናቱ። ሁለቱ ድርሻዎች ሲለያዩ አንደኛው ይሠለጥናል፣ ሌላው ይደበቃል። የጥቁሩ ድርሻ ሠልጣኝ ስለ ሆነ ኮርማው ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ በውስጡ ግን የእናቱን ቅላት ተሸክሟል። የተደበቀው አይጠፋም። ሁለት ትውልድ፣ አምስት ትውልድ፣ ከዚያም በላይ ሳይታይ ይሄዳል። ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙና ሁለቱም የተደበቀውን ሲሰጡ ያን ጊዜ ይገለጣል።

በሰውም ቆዳን፣ ፀጉርንና ዓይንን የሚያጠቁር ቀለም አለ። ያን ቀለም መሥራት የማይችል ድርሻ ከሁለቱም ወገን የደረሰው ልጅ፣ ወላጆቹ የቱንም ያህል ጥቁር ቢሆኑ፣ ነጭ ሆኖ ይወለዳል። በሽታም ርግማንም ዝሙትም አይደለም።

ደግሞም ያስቡት፤ ሕፃኗ የፈረንጅ ልጅ ብትሆን ጠይም ክልስ ትሆን ነበር እንጂ ከፈረንጁ በላይ ነጭ አትሆንም ነበር። እዚህ አገር እንኳ ቅንድቡ እንደ ጥጥ የነጣ ሰው በመቶ ሺህ መካከል ቢፈለግ ጥቂት ነው።

ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። የሕፃኗ ዓይን አንድ ነገር ላይ መርጋት አቅቶት ከወዲያ ወዲህ ይዋልላልን? ብርሃን ሲያይስ ይጨፈናልን? መልሱ አዎን ከሆነ ልጅቱ የሲራክ ናት፤ ጂሎም ከእኛ ሁሉ ቀድሞ እውነቱን ተናግሯል። እባክዎን፣ አበባየሁን ወደ ቤቷ ይመልሷት። የቆላው ፀሐይ ያን ቆዳ ያቃጥላል፤ ጥላ ያስፈልጋታል።

ታዛዥ ልጅዎ
ሙሉነህ


ነገሌ ቦረና፣ ጳጉሜን 4 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለሙሉነህ በላቸው፤

ዘመኑን በሰላም ያሳልፍልህ፤ መጪውንም የንስሐና የማስተዋል ያድርግልህ።

ከፊደል ገበታ አንሥቼ ለዚህ ያበቃሁህ ልጅ አጎትህን በበሬና በላም ምሳሌ ልትገሥጸው በመነሣትህ አዘንሁ። ሰው በነፍሱ እንጂ በበረት መዝገብ አይመረመርም። በዘራችን እስከ ሰባት ቤት እንዲህ ያለ ፍጥረት አልታየም። ይህን እኔ ነኝ የምልህ፤ በዚህ ከተማና በክብረ መንግሥት የሚጋቡ ክርስቲያኖች ሁሉ ዝምድናቸውን ለማጣራት ወደ ማን እንደሚመጡ ታውቃለህ። የሲራክንና የሴትዮዋን ዘር የቆጠርሁት እኔ ራሴ ነኝ።

ስለ ዓይኗ ጠየቅኸኝ። ሐሰት መናገር ልማዴ አይደለም። ያየኋት አንድ ቀን ነው። አዎን፣ ዓይኗ ይዋልላል። በሩ ሲከፈትም ፊቷን ወደ እናቷ ጡት ሰወረች። ይህ ግን ምንም አያስረዳም፤ ሕፃን ሁሉ ብርሃን ይፈራል።

እናቲቱ በሜጋ ከተማ ሸምሳ በምትባል የእስላም ነጋዴ ሱቅ ተጠግታ ትሠራለች አሉ። ልጅቱን ምስክር ብላ አስጠምቃታለች። የስሙን ድፍረት ተመልከት።

ሲራክ ወደ ሰሜን ለሚዘምተው ጦር ስሙን በፈቃዱ አስመዝግቦ ሄዷል። ቀበሌው ሳያስገድደው ነው የሄደው። ሲሰናበተኝ ጉልበቴን ሳመ።

እንዲህ ያለውን ትምህርት ዳግመኛ እንዳትጽፍልኝ። ለአንተ የሚያስፈልግህ ነገር ካለ ግን ጻፍ፤ ዕዳ የለብህም፣ ልጄ ነህና።

መሪጌታ ወልደሚካኤል ደርሰህ


ፕሎቭዲቭ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለየኔታ፤

ከሩቅ አገር ሰላምታዬ ይድረስዎት። ሲራክን በሄደበት ጥይት እንዳይነካው በምንም ጸሎት ያልበረታሁት ሰው ሌትና ቀን እለምናለሁ።

እንዳልጽፍ ከልክለውኛል። ቁጣዎን ተቀብዬ እጽፋለሁ፤ ሲራክ የሄደው ለመዋጋት እንዳልሆነ እርስዎም እኔም እናውቃለንና። የሚከተለውን ለራስዎ ካልሆነ ለእርሱ ሲሉ ይሞክሩት።

አንድ ጥቁር፣ አንድ ነጭ ጠጠር በቀኝ ከረጢት ያኑሩ፤ እንደዚሁ በግራ። የቀኙ ሲራክ ይሁን፣ የግራው አበባየሁ። ሳያዩ ከየከረጢቱ አንድ አንድ ያውጡ። ጥቁርና ጥቁር ሊወጣ ይችላል። ጥቁርና ነጭ፣ ነጭና ጥቁርም እንዲሁ፤ እነዚህ ሁሉ ጥቁር ልጅ ናቸው። ነጭና ነጭ የሚወጣው ከአራት አንድ ጊዜ ነው። ያ አንድ ጊዜ መጀመሪያ ላይም ሊመጣ ይችላል፤ ተራ አይጠብቅም። ከረጢቱ ውስጥ ግን ነጭ ጠጠር ከሌለ ሺህ ጊዜ ቢያወጡ ነጭ አይወጣም። ስለዚህ ነጩ ጠጠር በሲራክም በአበባየሁም ዘንድ ነበረ። ለሲራክም ያለ አባት ወይም ያለ እናት አልደረሰውም።

ነገሩን ለመምህሬ አጫወትኋቸው። ስም አልጠራሁም። በመጀመሪያ የጠየቁኝ «ባልና ሚስቱ ይዛመዳሉን?» ብለው ነው። ያ ድርሻ ብርቅ ስለ ሆነ፣ ሁለት ባዕዳን ሁለቱም ተሸክመውት መገናኘታቸው ባይከለከልም ጥቂት ነው፤ ከአንድ አያት የወረዱ ሲጋቡ ግን ይበዛል። እኔም በኩራት «በእኛ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም» አልሁ። ተደነቁ፤ «አባቶቻችሁ እኛ በአጉሊ መነጽር ያየነውን ያለ መነጽር አውቀውታል» አሉኝ። የኔታ፣ በዚያች ሰዓት የእርስዎ ደቀ መዝሙር መሆኔ ደስ አሰኘኝ።

በሌላ ቀን ግን አንድ ሐሳብ አስጨነቀኝ። በአያቶቻችን አገር በጋይንት ከነበሩት ዘመዶቻችን መካከል ከፀሐይ የሚሸሽ፣ ከቤት የማይወጣ ሰው ነበረን? በአበባየሁ እናት በወይዘሮ ጥሩነሽ በኩልስ የተቆጠረው የማን ቤት ነው? ምናልባት ከሰው ስሕተት የተዘለለ ቤት ይኖር ይሆን?

ይህን የምጠይቀው ቆጠራዎን ተጠራጥሬ አይደለም።

ልጅዎ ሙሉነህ


ነገሌ ቦረና፣ ጥቅምት 27 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለሙሉነህ፤

ጤና ይስጥህ።

ሲራክ በመጋቢት ወር መሞቱን የሚገልጽ ወረቀት በነሐሴ ደረሰኝ። የወደቀበት ስፍራ በወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። ደንግጠህ አታልቅስ፤ እኔ አላለቀስሁም። ተዝካሩን አውጥቻለሁ። ሕዝቡ «የኔታ እንደ ኢዮብ ታገሡ» አለኝ።

የጠየቅኸኝን አሁን አልመልስልህም።

ከአንተ ምንም አልሻም ስልህ ነበር። አንድ ነገር እሻለሁ። ለፀሐይ የሚሆን ጥቁር መነጽር፣ ለሁለት ዓመት ሕፃን ፊት የሚለካ፣ ካገኘህ ላክልኝ። ለተቃጠለ ቆዳ የሚሆን ቅባትም ካለ ጨምርበት። ነጋዴዎች ከሞያሌ ወደዚህ የሚያመጡት ለትልቅ ሰው ብቻ ነው።

ለማን እንደ ሆነ አትጠይቀኝ።

መሪጌታ ወልደሚካኤል ደርሰህ


ፕሎቭዲቭ፣ መጋቢት 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለየኔታ፤

እግዚአብሔር ያጽናዎት። ሲራክና እኔ በአንድ ገበታ በልተን፣ በአንድ ጅራፍ ተገርፈን አድገናል። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

መነጽሩን አሠርቻለሁ። የአንዲት የአገሬው ሴት የሁለት ዓመት ልጅ ፊት ለክተው ሠሩልኝ። በጆሮ የሚያዘው በላስቲክ ነው፣ እንዳይወድቅባት። ቅባቱ በሁለት ጠርሙስ አለ፤ ጠዋትና ቀትር ይቀባል። የሚመረቅ ጓደኛዬ በሐምሌ ወደ አገር ይገባል፤ በእጄ አደርስልሃለሁ ብሎኛል። ፖስታ ቤት አላምንም።

ለማን እንደ ሆነ አልጠየቅሁም። ስለ ራሴ ግን ልጠይቅ። እዚህ አብራኝ የምትማር የአገራችን ልጅ አለች፤ ቤተሰቧ ከጋይንት ነው። አባቴና እርስዎ ወንድማማቾች ናችሁ። ነጩ ጠጠር በእርስዎ በኩል የመጣ ከሆነ በእኔም ከረጢት ሊኖር ይችላል። የእርሷንና የእኔን ዘር ከርስዎ በቀር የሚቆጥርልኝ የለም፤ የእርሷን ዘር እስከ ሰባት ቤት ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ይንገሩኝ።

ሙሉነህ


ፕሎቭዲቭ፣ ጥር 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለየኔታ፤

ይህ ከመነጽሩ ወዲህ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው። ዕቃው ደረሰ? ጓደኛዬ ወዴት እንደ ተመደበ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። በአገር ቤት ስላለው ረሀብ በሬዲዮ እንሰማለን፤ በሕይወት መኖርዎን ብቻ በአንድ መስመር ይጻፉልኝ። ያችን የጻፍሁልዎትን ልጅ አላገባኋትም። መልስዎን ስጠብቅ እርሷ መጠበቅ ደከማት።

ሙሉነህ


ነገሌ ቦረና፣ ነሐሴ 2 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙሉነህ፤

ሰላምታ ለመስጠት የተገባሁ ሰው አይደለሁም፤ ስለዚህ በቀጥታ እጀምራለሁ። ሦስቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። ያልመለስሁት ቀለም አጥቼ አይደለም።

የተዘለለ ቤት ይኖር ይሆን ብለህ ጠይቀህ ነበር። አዎን፣ አለ። የዘለልሁት እኔ ነኝ፤ የሰው ስሕተትም አልነበረም።

አባቴ ባሻ ደርሰህ ሊሞት ሲያጣጥር ሌሎቹን አስወጥቶ ለእኔ ብቻ ነገረኝ። በወጣትነቱ ሜጋ ላይ ጠረፍ ሲጠብቅ ዲንኪቱ የምትባል የቦረና ሴት ፀንሳለት ነበር። ሴት ልጅ ወለደች። እርሱ ግን እናታችንን በቁርባን አግብቶ እነዚያን ካዳቸው። «ፈልገህ እህትህን እርዳልኝ» አለኝ። እኔ የቆራቢው፣ የነውር የለሹ የባሻ ደርሰህ ልጅ ነበርሁ፤ አልፈለግኋትም። ፈልጋ የመጣችው እርሷ ናት።

ሲራክ አበባየሁን ባጨ ጊዜ፣ ሰርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እናቷ ወይዘሮ ጥሩነሽ ከክብረ መንግሥት መጥታ ብቻዬን አነጋገረችኝ። «የኔታ» አለችኝ፣ «አባቴ እየተባለ የተቆጠረው ሃምሳ አለቃ ሽብሩ ያሳደገኝ ነው። እናቴ ዲንኪቱ ሜጋ ላይ ስትሞት ‹የወለደሽ ሌላ ነው፤ ደርሰህ ይባላል› ብላኛለች። ደርሰህ የሚባል ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ለልጄ እፈራለሁና ቤቱን አጣሩልኝ።»

ፊቷን አየሁ። የአባቴን ግንባርና ቅንድብ አየሁ። ዳሱ ተጥሏል፤ ጠጁ ተጥሏል፤ ከየአውራጃው ሰው ተጠርቷል። ሰርጉን ባፈርስ ምክንያቱን መናገር ነበረብኝ። ምክንያቱን ብናገር አባቴን ከመቃብር አውጥቼ አደባባይ ማቆሜ ነበር። «ያሳደገ አባት ነው፤ የሽብሩ ቤት ተቆጥሯል፤ ንጹሕ ነው» አልኋት። እጄን ስማ፣ ተጽናንታ ሄደች። ልጄን ከእህቴ ልጅ ጋር በገዛ አንደበቴ መርቄ አጋባሁ።

ከፀሐይ የሚሸሽ ዘመድ ነበረን ብለህም ጠይቀሃል። የአባቴ እኅት ውባለ ጋይንት ውስጥ ከጓዳ ሳትወጣ ኖራ ሞታለች። ፀጉሯ ገና በልጅነቷ እንደ አሮጊት ነጭ ነበረ። አባቴ «ፀሐይ ጠላቷ ነበረች» ይለን ነበር፤ አባትህም ይህን ሰምቷል። እኔ ግን «በዘራችን አልታየም» ብዬ ጻፍሁልህ። በሕፃኗ ፊት ላይ ውባለን ባየሁ ጊዜ እግዚአብሔር ያደረግሁትን እንደ ገለጠብኝ አውቄ ደነገጥሁ። ስለዚህ የአበባየሁን ኃጢአት ፈለግሁ። የእርሷ ከሆነ የእኔ አይሆንም ነበርና። ሰማንያ ቀኗን ጠብቁኝ ስትል ያልጠበቅኋት ሥርዓትን ፈርቼ አይደለም፤ መሐላዋን ፈርቼ ነው።

ጠጠሩን ሞክሬዋለሁ። ነጭና ነጭ በሁለተኛው ጊዜ ወጣ።

ሲራክ የገዛ ልጁን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሞተ።

መነጽሩ የደረሰኝ ባለፈው ግንቦት ነው። ጓደኛህ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ ኖሮ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሦስት ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። በሰኔ ወር በነጋዴው በዓብዱሰላም የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርሁ። «አካም፣ የኔታ! ናጋ?» ብሎ በኦሮምኛ ደኅንነቴን ጠየቀኝ፤ «በዚህ ዕድሜዎ ሞያሌ ኮንትሮባንድ ሊነግዱ ነው እንዴ? ጥምጣሙ ውስጥ ስንት ሬዲዮ ይገባል?» በመንገድ ሁሉ ሲያስቀኝ ሞከረ። መልካም ሰው ነው። የተሳፈርሁት ለምን እንደ ሆነ ቢያውቅ ከመኪናው ባወረደኝ ነበር።

ሜጋ ስደርስ አበባየሁ በሸምሳ ሱቅ ስኳር ትመዝን ነበር። አየችኝ፤ ሚዛኑን ግን አላስቀመጠችም።

«ሲራክ ሞተ ሊሉኝ ከሆነ ሰምቻለሁ» አለች።

«ልጅቱ የሲራክ ናት» አልኋት። ስድስት ዓመት ያህል አፌ ውስጥ የኖረው ቃል ይህን ያህል አጭር መሆኑ አስገረመኝ።

ሣቀች። «ይህንን እኮ እኔ ነግሬዎት ነበር፣ የኔታ።»

ሸምሳ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆና «ነገሌ ሩቅ ነው ይሉኝ ነበር፤ እንዲህ ሩቅ መሆኑን አላውቅም ነበር» አለች።

ቀጥሎ የቀረውን ለአበባየሁ ነገርኋት። ስለ ዲንኪቱና ስለ አባቴ፣ እናቷ ስላለችኝና እኔ ስለ መለስሁት፣ አንተም ስለ ጠጠሩ የጻፍኸውን ነገርኋት። ሸምሳ ገበያተኛውን አስወጥታ በሩን ገርበብ አደረገች። ለፍርድ ሄጄ ነበርና ፍርዴን ጠበቅሁ። በመጪው ፍልሰታ በደጀ ሰላም ቆሜ ለሕዝቡ ሁሉ እናዘዛለሁ፤ ስምሽን አነጻለሁ አልኋት።

አበባየሁ ሚዛኑን አስቀመጠች።

«በዝሙት ስትሰድቡኝ ኖራችኋል» አለች። «ሐሰት መሆኑን ስለማውቅ ቻልሁት። ይህንን ግን እውነት ነው እያሉኝ ነው። ይህንን በምን ልቻለው?»

«አንቺ አላወቅሽም፤ ኃጢአቱ የእኔ ነው» አልሁ።

«ደጀ ሰላም ቢቆሙ ሰው ‹የኔታ ንስሐ ገቡ› ይላል። እኔን ምን ይለኛል? ልጄንስ? ዛሬ ‹የፈረንጅ› ይሏታል፤ ነገ ‹የዘመዳሞች› ሊሏት ነው። እናቴ በሕይወት አለች፤ ‹አጣሩልኝ› ብላ እጅዎን የሳመች ሴት ይህን ሰምታ ልትሞት ነው? የኔታ፣ ሸክሙ ከብዶዎት ከሆነ እዚህ አያውርዱት። እኔ የሚሸከምልኝ የለኝም። እንደ መጡ ይዘውት ይሂዱ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ መቃብር። ባሻ ደርሰህ ለእርስዎ ነገሩዎት፤ እርስዎ ለማንም አይንገሩ።»

ቃል ገባሁላት። ይህን ደብዳቤ መጻፌ ያን ቃል ማፍረስ ነው። ለአንተ ግን መልስ ዕዳ አለብኝና አፈረስሁት። ነጩ ጠጠር ከአባቴ ወርዷል፤ በእኔ መኖሩ የታወቀ ነው። በአባትህ በበላቸው መኖሩን የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ በአንተም ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። የዚያችን አብራህ የምትማር ልጅ ቤት ብቆጥርልህ ኖሮ ከውባለ ቤት ጋር እስከ ሰባት አይገናኝም ነበር። ዘሯን ከጻፍህልኝ በኋላ በጣቴ ቆጥሬዋለሁ። ንጹሕ ነበር። ይህን የምነግርህ ሦስት ዓመት ዘግይቼ ነው። አንብበህ አቃጥለው።

ከሜጋ ከተመለስሁ ወዲህ ሁለት ቤተሰቦች ዘር ቁጠሩልን ብለው መጥተው ነበር። አልችልም አልሁ። ከትሕትና ቆጥረውት የበለጠ አከበሩኝ። የቀረልኝ ቅጣት ይህ ነው፤ ሲያከብሩኝ ዝም ማለት።

መነጽሩን ሰጥቻታለሁ። አበባየሁ ልትቀበለው አልፈለገችም፤ የተቀበለችው ሸምሳ ናት። ልጅቱን ከጨው ጆንያዎቹ ጀርባ ካለው ጨለማ ጠርታ አመጣቻት። ፊቷ ላይ የፀሐይ ቁስል አለ፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ላስቲኩን ልታስርላት ሞከረች፤ አልደረሰም። የሁለት ዓመት ልጅ መነጽር ነው፤ ምስክር ስድስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሸምሳ ላስቲኩን ስትስበው ተበጠሰ።

ልጅቱ መነጽሩን ከሸምሳ እጅ ወሰደችና በሁለት ጣት ይዛ አንዱን ጥቁር ብርጭቆ ወደ አንድ ዓይኗ አስጠጋች። ከሩቅ አታይም፤ ስለዚህ ትንፋሿ እስኪሰማኝ ቀረበችኝ። ዓይኗ ፊቴ ላይ ለመርጋት ሲታገል ቆየ። የአባቴ ቅንድብ ነው ያላት፤ ነጭ ሆኖ።

«እማዬ፣ ማን ናቸው?» አለች።

አበባየሁ ስኳሩን እንደገና መመዘን ጀምራ ነበር።

«እንግዳ ናቸው» አለቻት። «መኪና እስኪመጣላቸው ነው።»

ወልደሚካኤል